ከግቢው ጥላ እስከ ስምጥ ሸለቆው፦ በሐዋሳ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጂኦግራፊን በተሻለ መንገድ የማስተማር ዝርዝር መመሪያ

አንድ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ከዝዋይ እስከ ጫሞ ሳያዛንፍ ይዘረዝራል፤ «አዲስ አበባ በየት በኩል ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ካርታው ወደተሰቀለበት ግድግዳ ይጠቁማል። ጥፋቱ የልጁ አይደለም። የተማረው የስሞች ዝርዝር ነው፤ ስሞቹ የሚያመለክቱት መሬት እርሱ ራሱ የቆመበት መሆኑን ማንም አላሳየውም። ሐዋሳ ውስጥ ደግሞ ይህን ማሳየት አስቸጋሪ ሊሆን አይገባም። ከተማዋ በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ የተቀመጠች ናት፤ በምዕራብ ሐይቁ፣ በዙሪያዋ በእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ኮረብቶች፣ በምሥራቅ የሸለቆው ግድግዳ የሆነው ደጋ ይታያሉ። ይህን ሁሉ በመስኮት እያዩ ከመጽሐፍ ብቻ ማስተማር ያሳዝናል።

ይህ መመሪያ የአካባቢ ሳይንስና የኅብረተሰብ ትምህርት ለሚያስተምሩ መምህራን የተዘጋጀ ሲሆን፣ የሚመራውም በአንድ ሐሳብ ነው፦ ማንኛውም የጂኦግራፊ ጽንሰ ሐሳብ በመጀመሪያ በግቢው ወይም በከተማው በዓይን ይታይ፣ ቀጥሎ ይለካ፣ በካርታ ላይ የሚፈለገው ከዚያ በኋላ ነው። ካርታው መጨረሻ ላይ ይምጣ ሲባል ይቅር ማለት አይደለም፤ ልጁ ካርታው ላይ የሚያየው መስመር የምን ምልክት እንደሆነ አስቀድሞ አውቆ ይድረስበት ማለት ነው።

1. ትምህርት ከመጀመሩ በፊት መጽሐፉን ከከተማው ጋር ማስተያየት

ጂኦግራፊ በመጀመሪያ ደረጃ ለብቻው የቆመ የትምህርት ዓይነት ሳይሆን ከሌሎች ርዕሶች ጋር ተዋሕዶ የሚሰጥ በመሆኑ በቀላሉ ይበታተናል። ስለዚህ ዓመታዊ ዕቅድዎን ሲያዘጋጁ የመጽሐፉን ማውጫ ከፊትዎ ያድርጉና ጂኦግራፊ ነክ በሆነው በእያንዳንዱ ርዕስ ትይዩ «ተማሪዎቼ ይህን ሐዋሳ ውስጥ የት ያዩታል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይጻፉ። ለመሬት ገጽታ የታቦርና የአላሙራ ኮረብቶች፣ ለውኃ አካላት ሐይቁና ጥቁር ውኃ ወንዝ፣ ለአየር ንብረት የትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ለኢኮኖሚያዊ እንቅስቃሴ የአሞራ ገደል የዓሣ ገበያና በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ይበቃሉ። በአካባቢው ሊገኙ የማይችሉትን፣ ለምሳሌ ውቅያኖስን፣ «በካርታና በሥዕል» ብለው ምልክት ያድርጉባቸው። ይህ ሥራ የመጽሐፉን ቅደም ተከተል ስለማይለውጥ ዕቅዱን ለሱፐርቫይዘር ማስረዳት አይከብድም።

2. አቅጣጫን በጥላ ማስተማር

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ሥራ ይህ ነው፤ አቅጣጫ ያልያዘ ተማሪ ካርታን እንደ ሥዕል ብቻ ያየዋልና።

«ፊታችሁን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙሩ፤ ግራ እጃችሁ ሰሜን ነው» የሚለው የተለመደ ትምህርት ለ1ኛ እና ለ2ኛ ክፍል ይበቃል። ነገር ግን ፀሐይ በትክክል ከምሥራቅ የምትወጣው በመስከረምና በመጋቢት ወር በሚውሉት ሁለት ዕለታት፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ጊዜ ብቻ ነው። በታኅሣሥ መውጫዋ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ፣ በሰኔ ደግሞ ወደ ሰሜን ከ23 ዲግሪ በላይ ይሸሻል። በሐይቁ ዳርቻ የሚኖሩ ተማሪዎች ይህን በመጥለቂያዋ ያረጋግጡታል፤ ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ ከየትኛው ኮረብታ ጀርባ እንደምትገባ በወር አንድ ጊዜ ከአንድ ቦታ ቆመው በሥዕል እንዲይዙ የቤት ሥራ ይስጧቸው። ከፍ ላሉት ክፍሎች ግን ትክክለኛውን ሰሜን የምታሳየው በእንጨት የምትጣል የቀትር ጥላ ናት።

ከመሬት በላይ ልክ 1 ሜትር የሚቆም ቀጥ ያለ እንጨት ያዘጋጁ። የዛፍም ሆነ የሕንፃ ጥላ በማያገኘው ደልዳላ ቦታ፣ በሲሚንቶ በተሞላ ጣሳ ውስጥ ይትከሉትና ቀጥ ብሎ መቆሙን በቱንቢ ያረጋግጡ፤ ክር ላይ የታሰረ ድንጋይ ቱንቢ ሆኖ ያገለግላል። ከ5 ሰዓት ከ50 ጀምሮ እስከ 6 ሰዓት ከ50 ድረስ በየ10 ደቂቃው የጥላው ጫፍ ባረፈበት ቦታ ላይ ተማሪዎች ሚስማር ይትከሉ። ጥላው በጣም ያጠረበት ሚስማርና የእንጨቱ ሥር ሲገናኙ የሰሜንና የደቡብ መስመር ይገኛል። ፀሐይን በቀጥታ ማየት ዓይን ስለሚጎዳ፣ ልጆቹ ጥላውን ብቻ እንዲመለከቱ አስቀድመው ያስጠንቅቋቸው።

ብዙ መምህራን ይህን ልክ በ6 ሰዓት ያደርጉትና መስመሩ ይጣመምባቸዋል። ሰዓታችን የተቀመረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን ሐዋሳ ያለችው በ38.5 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በዚህ ምክንያት ፀሐይ ከፍተኛ ቦታዋ ላይ የምትደርሰው እንደ ወቅቱ ከ6 ሰዓት ከ10 እስከ 6 ሰዓት ከ40 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚሠራ ከሆነ ይህ ሰዓት የጠዋቱ ፈረቃ የሚወጣበትና የከሰዓቱ የሚገባበት ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ፈረቃ አምስት አምስት ተማሪዎችን በተራ መድበው ልኬቱን አንዱ ቡድን ለሌላው እንዲያስረክብ ያድርጉ። ርክክቡ ራሱ ልጆቹን በጽሑፍ የመመዝገብ ልማድ ያስይዛቸዋል።

ልኬቱን በየወሩ አንድ ጊዜ፣ ቢቻል በአጋማሹ፣ ይድገሙት። ሐዋሳ በሰሜን 7 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ የአንድ ዓመት ጉዞው ይህን ይመስላል። በመስከረም 12 አካባቢ የ1 ሜትሩ እንጨት የቀትር ጥላ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ከዚያ እየረዘመ በታኅሣሥ አጋማሽ ገደማ ወደ 59 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ተመልሶ ያጥርና በመጋቢት መጨረሻ ቀናት ፀሐይ በቀጥታ ከአናት በላይ ስለምትሆን ጥላው ከእንጨቱ ሥር ይጠፋል። በሚያዝያና በግንቦት ደግሞ በሌላው ወገን ብቅ ይላል፤ በሰኔ አጋማሽ ወደ ደቡብ የሚወድቅ የ29 ሴንቲ ሜትር ጥላ ይሆናል። ይህ ለውጥ ሁሉ ከሞላ ጎደል በአንድ የትምህርት ዘመን ውስጥ ይጠናቀቃል። የቀትር ጥላ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ይወድቃል ብለው ያመኑ ልጆች በግንቦት ወደ ደቡብ ዞሮ ሲያገኙት የሚያነሡት ጥያቄ የምድርን ዘንግ መዘንበል ለማስተማር ከማንኛውም ሥዕል የተሻለ መግቢያ ነው። የግቢውን የሰሜን መስመር በቀለም ለማስመር ግን ጥላው የሚረዝምበትን ታኅሣሥን ይምረጡ፤ በመጋቢት ጥላው እጅግ ስለሚያጥር አቅጣጫውን በትክክል መለየት አይቻልም።

የ6ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ያሉ ተማሪዎች አንድ እርምጃ መሄድ ይችላሉ። መጋቢት 11 ወይም 12 ቀን ጥላውን ለክተው፣ እንጨቱን ወደ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ጥላውንም እንደዚሁ አሥር እጥፍ አሳንሰው፣ በደብተራቸው ላይ ሦስት ማዕዘን ይሥሩ። በእንጨቱ ጫፍ ያለውን ማዕዘን በፕሮትራክተር ሲለኩ 7 ዲግሪ ገደማ ያገኛሉ፤ ይህም የሐዋሳ ኬክሮስ ነው። በካርታው ጠርዝ ላይ የተጻፈውን 7 ቁጥር በገዛ እጁ ያገኘ ልጅ የኬክሮስን መስመር ትርጉም በቃል ማጥናት አያስፈልገውም።

በዚሁ አጋጣሚ ሰማይን በመመልከት ጊዜን መቁጠር በዚህ አገር እንግዳ አለመሆኑን ያሳዩ። የሲዳማ የዘመን መለወጫ የሆነው ፊቼ ጨምበላላ ቀኑ የሚታወቀው አያንቶዎች የተባሉ አዋቂ አባቶች ከዋክብትን ተመልክተው ነው፤ በዓሉም በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። ከተማሪዎቹ አያቶች መካከል ጉዳዩን የሚያውቁ ካሉ በአክብሮት ተጋብዘው ለአንድ ክፍለ ጊዜ ቢያስረዱ፣ ልጆቹ ከሁለቱም ወገን ያተርፋሉ።

መስመሩ ከተሠመረ በኋላ የግድግዳውን ካርታ አውርደው መሬት ላይ ያንጥፉት፤ የካርታው ሰሜን ከግቢው ሰሜን ጋር ይግጠም። ተማሪዎቹ በዙሪያው ቆመው በጣታቸው ይጠቁሙ፦ ሻሸመኔና አዲስ አበባ ወደ ሰሜን፣ ዲላ ወደ ደቡብ፣ ወንዶ ገነት ወደ ምሥራቅ፣ ወላይታ ሶዶ ከሐይቁ ማዶ ወደ ምዕራብ። ካርታው ወደ ግድግዳው የሚመለሰው ሁሉም ሳይሳሳቱ መጠቆም ሲችሉ ነው።

3. ከክፍል ፕላን ወደ ካርታ

ካርታ ከላይ ወደ ታች የታየ ነገር መሆኑ ለትንንሽ ልጆች ግልጽ አይደለም። በ2ኛ ክፍል ስኒ፣ ላጲስና የክብሪት ቀፎ በወረቀት ላይ አስቀምጠው ዙሪያቸውን በእርሳስ እንዲከቡ ያድርጉ፤ ዕቃዎቹ ሲነሡ የቀሩት ቅርጾች የመጀመሪያው ካርታቸው ናቸው።

በ3ኛ እና በ4ኛ ክፍል ክፍሉን ይለኩ። ርዝመቱ 8፣ ስፋቱ 6 ሜትር የሆነ ክፍል፣ 1 ሜትሩ በ2 ሴንቲ ሜትር ቢወከል፣ 16 በ12 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በደብተር ገጽ ላይ ይገባል። በክፍሉ 60 ተማሪዎች ካሉ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊለኩ አይችሉም፤ በስድስት በስድስት ቡድን ከፍለው አንዱ ቡድን ግድግዳውን፣ ሌላው በርና መስኮቱን፣ ሌላው የዴስክ ረድፎችን ይለካ፤ ውጤቱም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፍና ፕላኑን እያንዳንዱ ተማሪ ለራሱ ይሥራ። ሜትር ከሌለ ገመድ በየሜትሩ ቋጥረው ይጠቀሙ። ሁለት ቡድኖች አንዱን ግድግዳ ለክተው የተለያየ ቁጥር ሲያመጡ ትክክለኛውን ነግረው አይለፉ፤ ሁለቱም ድጋሚ ይለኩና ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ይወያዩ።

ከክፍሉ ወደ ግቢው፣ ከግቢው ወደ ሰፈሩ ሲሄዱ መስፈርቱ ይቀየራል። ለግቢው 1 ሴንቲ ሜትር ለ5 ሜትር ይበቃል። ለከተማው ደግሞ 1፡50,000 የሆነውን የቶፖግራፊ ካርታ ማግኘት ከቻሉ ይጠቀሙበት፤ በዚህ ካርታ 2 ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ርዝመቱ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ሐይቅ 32 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ይታያል። ካርታው ካልተገኘ የመምህሩ ስልክ ይረዳል፦ በጉግል ኧርዝ የትምህርት ቤቱን ጣሪያ ይፈልጉ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ከፍ ብለው በየደረጃው የተነሡትን ምስሎች አሳትመው በተራ ይለጥፏቸው። ኔትወርክ ሊቋረጥ ስለሚችል ምስሎቹን ከቀድሞው ቀን ያዘጋጁ።

በመንገድ ርቀትና በቀጥታ ርቀት መካከል ያለው ልዩነትም በዚህ ይምጣ። ከሐዋሳ አዲስ አበባ በመኪና 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በካርታ ላይ በማስመሪያ ሲለካ ግን ወደ 220 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ተማሪዎቹ መንገዱን በክር ተከትለው ክሩን ዘርግተው ሲለኩ ልዩነቱ ወዴት እንደገባ ራሳቸው ያዩታል።

4. የዝናብ መዝገብ

ጎኑ ያልተሸበሸበ የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱ ሥር ቆርጠው ቁራጩን ገልብጠው እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ይክተቱበት። የጠርሙሱ ሥር ወጣ ገባ ስለሆነ ትንንሽ ጠጠር ይጨምሩና ቀጥ ያለው ጎን እስከሚጀምርበት ድረስ ውኃ ይሙሉት፤ ያ ቦታ ዜሮ ሆኖ ምልክት ይደረግበት፤ ከዚያ በላይ ማስመሪያ ይለጠፍበት። መለኪያው ከሕንፃና ከዛፍ፣ ቢያንስ የቁመታቸውን እጥፍ ያህል ርቆ ይቀመጥ።

በየጠዋቱ ከሰልፍ በኋላ ተረኛው ተማሪ በሚሊ ሜትር ያንብብ፣ ይጻፍ፣ ውኃውን እስከ ዜሮው ምልክት ይመልስ። ሁለት ነገሮች በብዛት ይበላሻሉ። አንደኛው፣ ዝናብ ያልዘነበ ዕለት ባዶ ይታለፋል፤ «0» መጻፍ ግን ግዴታ ነው፤ ያልተለካና ያልዘነበ አንድ አይደሉምና። ሁለተኛው፣ የቅዳሜና የእሑድ ዝናብ ሰኞ ጠዋት ሲነበብ ለሦስት ይካፈላል፤ ይህ ትክክል አይደለም፤ «የ3 ቀን ድምር» ተብሎ እንዳለ ይመዝገብ።

1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውኃ ነው። 48 ካሬ ሜትር በሆነ የክፍል ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 480 ሊትር፣ ማለትም 24 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ይወርዳል። ይህን ስሌት በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እንዲሠሩት ከሒሳብ መምህሩ ጋር ይነጋገሩ። የሐዋሳ ዝናብ በአብዛኛው ከመጋቢት እስከ መስከረም የሚጥል ስለሆነ ልጆቹን የሚያተጋው ወቅት የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ዜሮዎች ግን ለወሩ ግራፍ አስፈላጊ ናቸው።

5. ጥቁር ውኃና ሐይቁ፦ የመስክ ትምህርት

የመስክ ትምህርት ሽርሽር አይደለም፤ ተማሪው ሊመልሰው የሄደበት ጥያቄ ከሌለ ከመውጣት መቅረት ይሻላል። ለሐዋሳ ልጆች ከዚህ የበለጠ ጥያቄ አላውቅም፦ ወደ ሐይቁ ዓመቱን ሙሉ የሚገባው ወንዝ ጥቁር ውኃ ነው፤ ከሐይቁ በመሬት ላይ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ታዲያ ውኃው የት ይሄዳል? መውጫ የሌላቸው አብጃታና ሻላ ጨዋማ ሆነው ሳለ የሐዋሳ ሐይቅ ውኃ ለምን ጨዋማ አልሆነም? ተማሪዎቹ በመጀመሪያ ግምታቸውን ጽፈው ያስቀምጡ። ብዙዎቹ ትነትን ይጠቅሳሉ፤ ትክክል ናቸው፤ ትነት ብቻ ቢሆን ግን ጨውና ማዕድኑ ወደ ኋላ እየቀረ ይከማች ነበር። በመሬት ውስጥ ሰርጎ የሚወጣ ውኃ እንዳለ የሚታመነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዝግጅቱ ከጉዞው የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። የወላጆች የፈቃድ ፊርማ ከአንድ ሳምንት በፊት ይሰብሰብ፤ ለ15 ልጆች ቢያንስ አንድ አዋቂ ይመደብ፤ የወላጅ መምህር ኅብረት አባላትን መጠየቅ ይቻላል። በሐይቁ ጉማሬ አለ፤ በዳርቻውም የቢልሃርዚያ በሽታ ስለሚገኝ ማንም ተማሪ እግሩን እንኳ ወደ ውኃው አያስገባ። የውኃ ናሙና የሚቀዳው በመምህሩ ብቻ ነው።

በጥቁር ውኃ ድልድይ አጠገብ ተማሪዎቹ መጀመሪያ ለአምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይመልከቱና የውኃውን ቀለም፣ የፍሰቱን አቅጣጫና በዳርና ዳር ያለውን የመሬት አጠቃቀም ይጻፉ። አንድ ሊትር በሚይዝ ንጹሕ ጠርሙስ ከወንዙ፣ በሌላው ከሐይቁ ውኃ ይቀዳና ቦታና ሰዓት ይጻፍበት። ክፍል ውስጥ በመስኮት ላይ ሳይነካ አድሮ በማግሥቱ የዘቀጠው ደለል በሚሊ ሜትር ይለካል። ከዝናብ በኋላ የተቀዳው የወንዝ ውኃ በደረቅ ወቅት ከተቀዳው ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ደለሉ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ተማሪዎቹ ወደ ምሥራቅ፣ ዛፉ ወደ ሳሳው ደጋ ይመልከቱ። በዚያ ወገን የነበረው የጨለለቃ ሐይቅ በደለል ተሞልቶ ረግረግና የሣር መሬት ሆኗል። የቆየ ካርታና የቅርብ ጊዜ የሳተላይት ምስል ጎን ለጎን ቢቀመጡ ልጆቹ የጠፋውን ሐይቅ ራሳቸው ይፈልጉታል። ስለ አፈር መሸርሸር ከዚህ የጠነከረ ማስረጃ ማቅረብ የሚቻል አይመስለኝም፤ ልጆቹም በጉዳዩ አጥብቀው እንዲጨነቁ እፈልጋለሁ፤ ነገ የሚረከቡት ሐይቅ ነውና።

ከዚያ ወደ አሞራ ገደል ይሂዱ። የዓሣ ገበያው የሚደምቀው ጠዋት ስለሆነ ከ2 ሰዓት ባይዘገይ ይመረጣል። እዚያ አንድ ቡድን ከጀልባ የሚወርዱትን ዓሦች ዓይነት ይለይ፤ ቆሮሶና አምባዛን አብዛኞቹ ልጆች ያውቋቸዋል። ሁለተኛው ቡድን አንድ ዓሣ አጥማጅ «መረቡን የት ጣሉ? ስንት ሰዓት ወጡ? ከአምስት ዓመት በፊት ከነበረው ዛሬ የሚያገኙት በዛ ወይስ አነሰ?» ብሎ በአክብሮት ይጠይቅ። ሦስተኛው ዓሣው ወዴት እንደሚጫን ይከታተል። የዓሣው ትርፍራፊ የሰበሰባቸውን አባ ኮዳዎች ማየታቸው አይቀርም፤ ሰው፣ ዓሣና ወፍ በአንድ ቦታ የተገናኙበትን ምክንያት እንዲያስረዱ ይጠይቋቸው።

ጊዜ ከተረፈ በዚያው አጠገብ ባለው ታቦር ግርጌ ድንጋይ ይሰብስቡ። ቀዳዳ የበዛበትና ከመጠኑ አንጻር እጅግ የቀለለ ድንጋይ ካገኙ፣ ውኃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ይጣሉት፤ ፑሚስ የሚባለው ከሆነ ይንሳፈፋል። ድንጋይ ሲንሳፈፍ ያየ ልጅ «ለምን?» ማለቱ አይቀርም፤ መልሱም ድንጋዩ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ጊዜ በጋዝ ተነፋፍቶ የጠጠረ መሆኑ፣ የዛሬዋ ሐዋሳም በጥንታዊ እሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ የተቀመጠች መሆኗ ነው።

6. ከገበያው ወደ ከፍታው

ልጆቹ በቤታቸው ከሚበላው ነገር አምስት ዓይነት ጽፈው ከየት እንደመጣ ነጋዴዎችን ጠይቀው ይምጡ። ሙዙ ከአርባ ምንጭ፣ ቡናው ከአለታ ወንዶ፣ ገብሱና ቆጮው ከሁላ፣ ጨው ከአፋር ሆኖ ሲመጣ በካርታው ላይ በክር ያገናኙት። ከዚያ «ገብስ ለምን ከሁላ ሆነ?» ብለው ይጠይቁ። ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ወይና ደጋ ስትሆን፣ የሁላው ሀገረ ሰላም ከ2,600 ሜትር በላይ ያለ ደጋ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ስለሚቀንስ፣ ሐዋሳ 26 ዲግሪ በሆነ ሰዓት ሀገረ ሰላም 20 ዲግሪ አካባቢ ሊሆን ይችላል። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ የሚሉትን ስሞች ከሰብልና ከሙቀት ጋር ያዛመደ ልጅ የከፍታውን ቁጥር ቢረሳ እንኳ አመዛዝኖ ይደርስበታል።

7. የማዳበሪያ ካርታ

የታተመ ካርታ የማይገኝበት ትምህርት ቤት የማዳበሪያ ጆንያ አያጣም። ጆንያውን ቀደው አጥበው ይስፉት፤ ካሬ መስመር በመሥራት የኢትዮጵያን ካርታ ከመጽሐፉ ወደ ጆንያው አሳድገው በዘይት ቀለም ይሣሉት። በካርታው ላይ ስም አይጻፉ። ስሞቹ በካርቶን ቁራጭ ተጽፈው ተማሪዎቹ በየቦታቸው እንዲያስቀምጧቸው ከተደረገ አንዱ ካርታ ለሁሉም ክፍሎች ያገለግላል። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብጃታ፣ ሻላ፣ ሐዋሳ፣ አባያና ጫሞ ሲቀመጡ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ተሰልፈው ይታያሉ። የአፍሪካ ምድር ለሁለት እየተላቀቀ በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚሰፋበትን መስመር የሚያስተምሩት ተማሪዎቹ ሰልፉን ራሳቸው ካስተዋሉ በኋላ ይሁን።

8. ፈተናውን መለወጥ

ፈተናው «የሐዋሳ ሐይቅ የሚገኘው የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ በተማሪው ዘንድ ዋጋ ያጣል፤ ልጆች የሚያጠኑት የሚጠየቁትን ነውና። ቢያንስ አንድ ጥያቄ በካርታ ላይ ይሁን። ወንዝ፣ ተዳፋት፣ መንገድና የሰሜን ቀስት ያለበት፣ ስም ያልተጻፈበት ቀላል ንድፍ ይስጧቸውና «አዲስ ትምህርት ቤት የት ይሠራ? ለምን?» ብለው ይጠይቁ። ከ10 ነጥብ 2ቱ ለቦታው፣ 3ቱ አቅጣጫና ርቀትን በትክክል ለመጥቀስ፣ 5ቱ ለምክንያቱ ቢሰጥ፣ ከእርስዎ የተለየ ቦታ የመረጠ ነገር ግን በቂ ምክንያት ያቀረበ ተማሪ አይጎዳም። የምክንያቱን እርማት ከአንድ የሥራ ባልደረባ ጋር ሆነው ጥቂት ወረቀቶችን በጋራ በማረም ቢጀምሩት፣ አሰጣጡ ወጥ ይሆናል።

9. ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር መሥራት

አንድ መምህር ብቻውን የጀመረው ሥራ መምህሩ ሲዛወር ይቆማል። ስለዚህ የጥላ፣ የዝናብና የደለል ልኬቶች በአንድ ጠንካራ መዝገብ ተጽፈው በትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከሉ ይቀመጡ፤ በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ዕቅዱም ውስጥ ይግቡ። አጎራባች ትምህርት ቤቶች በሚገናኙበት በጉድኝት ማዕከሉ ስብሰባ ላይ ደግሞ፣ ለምሳሌ በሐይቅ ዳርና በቱላ ክፍለ ከተማ ያሉ ሁለት ትምህርት ቤቶች የአንድ ወር ዝናባቸውን ይለዋወጡ። ቁጥሮቹ ካልተመሳሰሉ አስቀድሞ የመለኪያዎቹ አቀማመጥ ይታይ፦ ሁለቱም ከሕንፃ ርቀዋል? ዜሯቸው በትክክል ምልክት ተደርጎበታል? ሁለቱም የሚነበቡት በአንድ ሰዓት ነው? ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ልዩነቱ ከቀጠለ ልዩነቱ የዝናቡ ነው፤ የሁለቱ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች የሐይቁንና የአላሙራን አቀማመጥ በካርታቸው ላይ እያዩ ምክንያቱን በደብዳቤ እንዲጻጻፉበት ያድርጉ።